ለደንበኞቻችን፦ መስመሩ ሰፍቶ ፋይሉ ለምን ይዘገያል?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደርሶናል። «ከ20 ወደ 100 ሜጋቢት አሳደግን። ስፒድ ቴስቱም 100 ያሳያል። አውሮፓ ሰርቨር ላይ የምንጭነው ባክአፕ (የፋይሎቻችን መጠባበቂያ ቅጂ) ግን ያው ነው። ታዲያ የከፈልንበት ፍጥነት የት ገባ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ቁጥሮች ስላሉት በስልክ ከማስረዳት በጽሑፍ ይሻላል ብለናል።

ባንድዊድዝ መስመሩ በሰከንድ ስንት ቢት እንደሚያሳልፍ ይናገራል። መረጃው ደርሶ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀው ጊዜ ሌላ ነው፤ እሱ ሌተንሲ ይባላል። ትልቅ ፓኬጅ በመግዛት ርቀት አይቀንስም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በአየር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል። ኬብል ደግሞ እንደ አውሮፕላን ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ በየመሃሉም መረጃውን የሚያቀባብሉ ራውተሮች አሉ። ለስሌታችን 120 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም 0.12 ሰከንድ እንበል።

አሁን ባንድዊድዙንና ሌተንሲውን እናባዛ። 100 ሜጋቢት በ0.12 ሰከንድ ሲባዛ 12 ሜጋቢት፣ ማለትም 1.5 ሜጋባይት ይሆናል። (አንድ ባይት 8 ቢት ነው፤ ሁለቱን በመለየት ብቻ የሚያልቅ ቅሬታም አለ።) መስመሩ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ እንዲውል፣ ማረጋገጫ ያላገኘ ይህን ያህል መረጃ ሁልጊዜ መንገድ ላይ መሆን አለበት።

ብዙ ጊዜ ግን አይሆንም። ቲሲፒ የሚባለው ፕሮቶኮል «ደርሷል» የሚል መልስ ሳያገኝ የሚልከው መጠን ገደብ አለው። በጥንቱ አሠራር ጣሪያው 64 ኪሎባይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 ጣሪያውን የሚያነሳ ማሻሻያ ወጥቷል፤ የዛሬ ኮምፒውተሮችም ይጠቀሙበታል። ነገር ግን ያረጀ ፋየርዎል (የኔትወርክ መጠበቂያ መሣሪያ) ወይም ገደቡ የተቆለፈ የባክአፕ ፕሮግራም ካለ እንደገና ወደ 64 ኪሎባይት እንወርዳለን። ይህ መጠን በየ0.12 ሰከንዱ አንዴ ሲላክ በሰከንድ 4.4 ሜጋቢት ገደማ ነው። 20 ግዙ፣ 100 ግዙ፣ ያው 4.4 ነው። ወደ ጅቡቲ አምስት መኪና ልኮ ደረሰኙ ካልተመለሰ ስድስተኛውን የማያስነሳ ድርጅት፣ አስፋልቱ ቢሰፋለትም ጭነቱ አይጨምርም።

ስፒድ ቴስቱ ዋሽቶ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ቅርብ ያለ ሰርቨር ይመርጣል፤ ብዙ ግንኙነቶችንም ባንዴ ይከፍታል። እናንተም ባክአፑን እንዲሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ፕሮግራሙ ከፈቀደ ፋይሉን በአንድ ሳይሆን በስምንት ግንኙነት እንዲልክ አድርጉት፤ ለውጡን ያኔውኑ ታያላችሁ። ወጪ የለውም።

መረጃው ውጭ አገር ሰርቨር ላይ ያለ የሂሳብ ፕሮግራም ከቢሯችሁ የምትጠቀሙ ደግሞ ችግራችሁ ሌላ ነው። አንድ ሪፖርት ለመክፈት ፕሮግራሙ ተራ በተራ 500 ጥያቄ ቢልክ፣ 500 በ0.12 ሲባዛ 60 ሰከንድ ነው። የሚተላለፈው መረጃ ኢምንት ሊሆን ይችላል፤ ጊዜውን የሚበላው ምልልሱ ነው። እዚህ ላይ ባንድዊድዝ ቢጨመር እኛም ሻጩም ደስ ይለናል እንጂ እናንተ አትጠቀሙም። ፕሮግራሙ ራሱ ሰርቨሩ አጠገብ ይሥራ፤ ወደ ቢሯችሁ የስክሪኑ ምስል ብቻ ይምጣ።

በሥራ ሰዓት ከባድ ፋይል ሲጫን የዙም ስብሰባ የሚቆራረጥባችሁም አላችሁ። ራውተሩ ውስጥ 1 ሜጋባይት ወረፋ ቢጠራቀምና የመላኪያ መስመሩ 2 ሜጋቢት ቢሆን፣ ድምፃችሁ ከፊቱ ያለው እስኪያልፍ 4 ሰከንድ ይጠብቃል። የመጫኛውን ፍጥነት ከመስመሩ አቅም ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ገድቡት፣ ወይም ባክአፑን ወደ ሌሊት አዙሩት።

ስለዚህ አዲስ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ወደምትጠቀሙበት ሰርቨር ፒንግ (የደርሶ መልሱን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ) አድርጉና ውጤቱን በስክሪንሾት ላኩልን። የፋየርዎላችሁን ሞዴልና የባክአፕ ፕሮግራሙን ስም ጨምሩበት። ችግሩ የቅንብር ከሆነ ካላችሁበት ሳትነሱ ከርቀት እናስተካክላለን፤ ፓኬጁም ባለበት ይቆያል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቴክኒክ ክፍል