ምን እየሠራሽ ነው ላልሽኝ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 2018

ውድ ጓዲት፣

በዚህ ስም ከጠራሁሽ አራት ዓመት ሆነ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ጓዲት ብሎ የሚጠራሽ ሌላ ሰው ይኖራል ብዬም አልጠረጥርም። አንቺ፣ ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ እንዴት ናችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴና የደም ግፊቴ ግን ለየብቻቸው ይጠየቁ።

ስለ ዝምታዬ ልንገርሽ። ለመጨረሻ ጊዜ ስናወራ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር። “አሁን ምን እየሠራሽ ነው?” አልሽኝ። ክፋት አልነበረውም፤ ማንም የሚጠይቀውን ነው የጠየቅሽኝ። እኔ ግን መልስ አጣሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ባንክ መስኮት ላይ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ኖሬ፣ ስድሳ ሞላሽ ተብዬ፣ ኬክ ተቆርሶልኝ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸልሜ ተሰናበትኩ። (ከጊዜ በቀር ምንም ላልቀረው ሰው ሰዓት! ማን እንዳሰበው አላውቅም።) ከዚያ ወዲህ ስልክሽ በጠራ ቁጥር ያንን ጥያቄ እየፈራሁ አላነሳም ነበር። ቀጥሎ ባለማንሳቴ አፈርኩ። እፍረቱም ሲከማች ዓመታት ሆነ።

በዚያው ሰሞን የሰፈሩ ልጆች “እትዬ” ማለት ትተው “እማማ” ይሉኝ ጀመር። ማን ስብሰባ ጠርቶ እንደወሰነ እንጃ፤ በአንድ ሳምንት ሁሉም እኩል ቀየሩት። በንዴት ፀጉሬን ቀለም ተቀባሁ። ቀለሙ ግንባሬን አሳከከኝ፤ ልጆቹም እማማ ማለታቸውን አልተዉም። ተውኩት። አሁን ባዘቶ መስያለሁ።

ልጄ ልታጽናናኝ ብላ አበበች ጎበናን ታነሳልኛለች። ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ሕፃናት ይዘው የመጡት፣ የስንቱ ወላጅ አልባ እናት የሆኑት አርባውን ካለፉ በኋላ ነው ትለኛለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን ትልቅ ሰው በተጠቀሰልኝ ቁጥር እኔ ይበልጥ አነስኩ። የጎደለኝ ምሳሌ አልነበረም። ማክሰኞ ጠዋት ተነሥቼ ፊቴን የምታጠብበት ምክንያት ነበር የጎደለኝ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው፤ ከጎረቤቴ ጋር ቡና ስንጠጣ። ልጇ ጅዳ ናት፤ የምትልክላት ገንዘብ በስልኳ ይገባል። ጎረቤቴ ማንበብ ስለማትችል የምሥጢር ቁጥሩን ወረቀት ላይ አስጽፋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዛለች። ገንዘብ ማውጣት ስትፈልግ ቋጠሮውን ትፈታና ስልኩንም ወረቀቱንም ለአንድ የሰፈር ጎረምሳ ታስረክባለች። “እሷ ሦስት ሺህ ላክሁ ትለኛለች፤ እኔ ዘንድ ሁለት ሺህ ሰባት መቶ ሆኖ ይደርሳል። መንገድ ላይ ይተናል መሰለኝ” አለችኝ። ልጁን ልትወቅስ አልፈለገችም። ብሩ እጇ ላይ ቢሆን ማንም አያታልላትም፤ በ2013 መስከረም ብር ሲቀየር እንኳ ሐምራዊው ሁለት መቶ መሆኑን ከእኔ ቀድማ ነው የለየችው። ስልኩ ላይ ግን ብር ቀለም የለውም።

በማግስቱ ካርቶን ቀድጄ ከ0 እስከ 9 ጻፍኩላት። ማክሰኞ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት የማኅበር ጓደኞቿን አስከትላ መጣች፤ አሁን ሰባት ናቸው። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት በረንዳዬ ላይ ፀሐይ እየሞቅን ነው የምንማረው። ቁጥሩን ጨርሰን ፊደል ገብተናል። የምሥጢር ቁጥራችሁን ራሳችሁ ምረጡ ያልኩ ቀን ግን ብታዪ! ማርያምን የማትወድ የለችምና ሰባቱም 21ን ከተቱ፤ ያውም ጮክ ብለው እየተማከሩ። ሌላ ቁጥር ምረጡ፣ በሆዳችሁም ያዙት ብል፣ አንዷ “እሺ፣ እኔ በሚካኤል 12 አድርጌዋለሁ” ብላ አሰማችን።

አንቺን ያመጣብኝ ፊደል ስንጽፍ የያዝነው ጠመኔ ነው። የ1971 ክረምት፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ የቀበሌው አዳራሽ ብርድ። አሥራ ሰባት ዓመታችን። ጋቢ ተከናንበው ከኋላ የሚቀመጡት ሴትዮ ትዝ ይሉሻል? ጠመኔውን እንደ ማማሰያ ጨብጠው የሚይዙት? እኔ “በጣት ነው፣ በጣት!” እያልኩ እጮኽባቸዋለሁ፤ አንቺ ደግሞ ወደ ቤት ስንሄድ አያያዛቸውን እያስመሰልሽ ታስቂኛለሽ። በዓመቱ ዩኔስኮ ዘመቻውን ሸለመ ሲባል እኛው የተሸለምን መስሎን ተኮፈስን። “አሮጊቷ” ነበር የምንላቸው። ሰሞኑን ሳሰላው ሃምሳ ቢሞላቸው ነው። ጓዲት፣ ዛሬ ከእኛ ያንሱ ነበር!

ጣታቸው እምቢ እንዳላቸው የገባኝ አሁን የእኔ እምቢ ሲለኝ ነው። ሴቶቹ “ጆሮ ሲሠራ እጅ ለምን ይፈታል” ብለው እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ። እናቴ ስትፈትል ሰው ከመጣ ከአጠገቧ እነሣ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ የተማርኩ ነኝና! አሁን እነሱ ፊደል ከእኔ፣ እኔ ፈትል ከእነሱ። እንዝርቱን ጭኔ ላይ ሳሾረው ክሩ ወይ ይበጠሳል ወይ እንደ ገመድ ይወፍራል። ጎረቤቴ አገላብጣ አየችውና “አንቺ ብር ነው የለመድሽው፤ ጥጥ አይቆጠርም፣ ይሳባል” አለችኝ። አልጮኸችብኝም። የተበጠሰውን ጫፍ በምራቋ አርሳ ቀጠለችና መልሳ ሰጠችኝ። እንደገና በጠስኩት፤ እንደገና ቀጠለችው።

እርጅናን ወደድኩት አልልሽም። ሌሊት ሦስቴ የሚቀሰቅስ እንግዳ አይወደድም። መነጽሬንም ዓይኔ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሙሉ እፈልገዋለሁ። ችኮላዬ ግን ጥሎኝ ሄዷል። “ሀ”ን ለመጻፍ አንድ ወር ብንፈጅ ማን ይቆጣናል?

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ሱቅ ሄዳ ለጎረምሳው ጀርባዋን ሰጥታ ቁጥሩን ራሷ አስገባች። ሦስት ሺህ፣ ሳይተን። ከዚያ እኔ ቤት መጥታ፣ ቡናው እየፈላ ሳለ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ ያንን ወረቀት ከሰሉ ላይ ጣለችው። ቋጠሮው ውስጥ አሁን ዕጣን ነው የምትይዘው።

የእኔ ፈትል ለድር አይሆንም ብለውኛል፤ ለማግ ግን ይሞከራል። ከሞላልኝ ለትንሿ የልጅ ልጅሽ ጋቢ አሠርቼ እልካለሁ፤ ጎርበጥ ቢላት ትታገሠኝ። አንቺን ምን እየሠራሽ ነው ብዬ አልጠይቅሽም፤ ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ። ይህ ሲደርስሽ ደውዪልኝ፤ የምትሰድቢኝንም ስድብ አዘጋጅተሽ። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ብቻ አትደውዪ፤ አላነሳም።

ያንቺዋ ጓዲት