ያቺ ያላለቀች የቤዝ ክርክራችን

ሰላም ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ልጆቹስ? ድምፄ ስለጠፋ የተቀየምኩህ እንዳይመስልህ፤ የለንደን ኑሮ ያው ነው፣ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ሥራ። ዛሬ የጻፍኩልህ ያቺን ያላለቀች ክርክራችንን ልቀጥል ብዬ ነው። ስለ ደብስቴፕ፣ ስለዚያ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ስለሚያንቀጠቅጥ የለንደን ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ አንስተን፣ «ደብስቴፕ ራፕን አበላሸው» ብለህ ስልኩን ዘጋህብኝ። አሁን ተራው የኔ ነው።

ሁለቱን ማንም በግድ አላጋባቸውም። ደብስቴፕ በደቂቃ 140 ምት ነው። ከበሮው ግን በግማሹ ስለሚመታ ጆሮህ 70 ብሎ ይሰማዋል፤ 70 ደግሞ ለራፐር የተመቸ ፍጥነት ነው። እዚህ ደቡብ ለንደን፣ ክሮይደን ውስጥ፣ የደብስቴፕ ጀማሪዎቹ እነ ስክሪምና ቤንጋ ገና ጎረምሶች ሳሉ አንድ የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ ሱቅ ዙሪያ ተሰብስበው የሠሩት ሙዚቃ ክፍት ቦታ የበዛበት ነበር። ከበሮ፣ ዝምታ፣ ከዚያ ሆድ ዕቃህን የሚያንቀጠቅጥ ቤዝ። እ.ኤ.አ. በ2009 ስኑፕ ዶግ በለንደኖቹ የሙዚቃ አቀናባሪዎች፣ በቼዝ ኤንድ ስታተስ «ኢስተርን ጃም» ላይ ሲራፕ ለዚህ ነው ያልከበደው። የካሊፎርኒያ ሰው፣ የለንደን ቢት፣ ውስጡ ደግሞ የሕንድ ፊልም ዘፈን! ደስ አይልም?

ታዲያ ምኑ ተበላሸ? እኔ ጣቴን የምቀስረው ትንንሽ ስፒከሮች ላይ ነው። በ2005 እዚሁ ለንደን፣ ብሪክስተን ውስጥ የተጀመረው ዲኤምዜድ የሚባለው የደብስቴፕ ጭፈራ ምሽት ሙዚቃውን የሚያጫውተው ቁም ሳጥን በሚያካክሉ ስፒከሮች ነበር። ዋናው ቤዝ ከ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ንዝረት) በታች ነዋ። ስልክና ላፕቶፕ ያንን አያወጡትም። ስለዚህ ገበያው ሲመጣ ቤዙ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ተሰቀለ፤ በትንሽ ስፒከርም የሚጮህ «ዋብ ዋብ» ሆነ። በ2012 አሜሪካዊው የደብስቴፕ አቀናባሪ ስክሪሌክስ ሦስት ግራሚ ወሰደ። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ደብስቴፕ የገባበትን የዘፋኙን የአሌክስ ክሌርን «ቱ ክሎዝ» ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ማስታወቂያ አደረገው። ለብሮውዘር! ያውም ለዚያ ብሮውዘር።

ራፐሩም ቦታ አጣ። የተወሰነ መስመር ይላል፣ ድሮፑ (ቤዙ በአንዴ የሚፈነዳበት ቦታ) ይመጣል፣ ማሽኑ ያጓራል፣ እሱ ማይኩን ይዞ ተራ ይጠብቃል። ራፐሩ ኤሳፕ ሮኪ ከስክሪሌክስ ጋር የሠራውን መልሰህ ስማው፣ ይገባሃል።

ሁሉም እንዲህ ነው እያልኩህ አይደለም። ጄይ ዚና ካንዬ በ2011 የእንግሊዛዊውን የደብስቴፕ አቀናባሪ የፍለክስ ፓቪሊየንን «አይ ካንት ስቶፕ» ወስደው «ሁ ጎን ስቶፕ ሚ»ን ሲሠሩ፣ ጩኸቱ ላይ ወጥተው ነው የራፑት። «እሱም ለገንዘብ ነው» ትለኛለህ። ይሁና! ገንዘብማ ራፕም ከጥንት ጀምሮ ይወዳል፤ ዘፈን ስለተሸጠ አልከፋም። እኔን የሚያናድደኝ ማስታወቂያ ላይ እንዲገባ ተብሎ ዝምታው ሲቆረጥ ነው።

ለማንኛውም ያንን የስኑፕን በስልክህ ስፒከር እንዳትከፍተው። ደህና ሄድፎን ከሌለህ ከትልቁ ልጅህ ተዋስ። ከዚያ እሁድ ማታ ደውልና የፈለግከውን ስደበኝ። እማማን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣
ከለንደን