የፎም ማሸጊያና የብርቱካን ልጣጭ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ከቴሌቪዥንና ከማቀዝቀዣ ካርቶን የሚወጣው ነጭ ፎም በየሰፈሩ ቱቦ ሲደፍንና ከቆሻሻ ጋር ሲቃጠል ማየት ስለሚያሳዝነኝ ይህን ጽፌአለሁ። ቆራሌው ጠርሙስና ብረት እየገዛ ፎሙን ትቶ የሚሄደው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከይዘቱ 98 በመቶ ያህሉ አየር በመሆኑ አንድ አይሱዙ ሙሉ ቢጫን እንኳ የሚገኘው ፕላስቲክ እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን ችግር የሚያቃልል ፈሳሽ ከብርቱካን ልጣጭ ይገኛል። በልጣጩ ዘይት ውስጥ በብዛት ያለው ሊሞኒን ፎሙ የተሠራበትን ፖሊስታይሪን ያለ ማሞቂያ ያሟሟል፤ አየሩ ሲወጣ የሚቀረው ዝልግልግ ፈሳሽ ከቀድሞው ፎም በብዙ እጥፍ ያነሰ ቦታ ይይዛል። የጃፓኑ ሶኒ ኩባንያ ይህንኑ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አዳብሮታል፦ ፎሙ በተሰበሰበበት ይሟሟል፣ ፈሳሹ ተጣርቶ ሲሞቅ ሊሞኒኑ ይተንናል፣ ፕላስቲኩም ለብቻው ይቀራል። የተነነውን መልሶ መሰብሰብ የሥራው ቁልፍ ይመስለኛል፤ ልጣጭ የሚሰጠው ዘይት ጥቂት ነውና አንድ ጊዜ ተጠቅሞ መጣል አያዋጣም።

ከተፈጥሮ ቢገኝም ሊሞኒን ተቀጣጣይ ነው፣ አየር ሲነካው ቆይቶም ቆዳ ያስቆጣል፤ ስለዚህ በየቤቱ ሊሞከር አይገባም። የከተማችን አስተዳደር ከዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምህንድስና መምህራን ጋር ሆኖ በመርካቶ አካባቢ አንድ አነስተኛ የሙከራ ጣቢያ እንዲያቋቁም፣ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴዎችም ፎሙን ሳይቆሽሽ ለይተው እንዲያስቀምጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ