«ስንት ነው?» ላለ ገዢ «ኢንቦክስ» መልስ አይደለም

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ኢንተርኔት ንግድ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ቁርስ ላይ፣ አንዴ ደግሞ ሥራ ቦታ ከልጆቹ ጋር። ኢትዮ ቴሌኮም ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው፣ ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን አልፏል፣ ሳፋሪኮምም ኔትወርኩን እያሰፋ ነው፤ ስለዚህ የኦንላይን ገበያው ደርቷል ትላላችሁ። በቁጥሩ ላይ ጸብ የለኝም። ጸቤ «ስለዚህ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው።

እኔ የወጥ ቤት ዕቃ በኢንተርኔት እሸጣለሁ። ምጣድ፣ ድስት፣ ሳህን፣ ጀበና፣ የእንጀራ ማስቀመጫ። ዘንድሮ ስምንተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ድረ ገጽ አለኝ፣ የቴሌግራም ቻናል አለኝ፣ ቲክቶክ ላይ ደግሞ የእህቴ ልጅ እየቀለደች ታስተዋውቅልኛለች። ድስቱን ከበሮ አድርጋ ስትመታው ብዙ ሰው ያያታል። ድስቱን የሚገዛው ግን ጥቂት ነው።

አባቴ ቴሌብር አላቸው። ካርድ ይሞሉበታል፣ ለልጅ ልጆቻቸው የዓመት በዓል ይልኩበታል። ጎረቤታችን ባለ ታክሲ ነው፤ እሱ የገባው ሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ሲሆን ነው፣ ሳይወድ በግዱ። ሁለቱም እናንተ ከቆጠራችሁት 50 ሚሊዮን ውስጥ አሉ። አንዳቸውም ግን አንዲት የሻይ ማንኪያ እንኳ በኢንተርኔት ገዝተው አያውቁም። ከእኔም ጭምር! ገንዘብ በስልክ መላክ የቻለ ሰውና ያላየውን ዕቃ በስልክ የሚገዛ ሰው የተለያዩ ናቸው። በሁለቱ መሀል ያለው ነገር ደግሞ ኔትወርክ አይደለም።

መሀል ላይ ያለችው «ኢንቦክስ» የምትባል ቃል ናት።

ማንኛውንም የፌስቡክ ወይም የቴሌግራም ሱቅ ክፈቱ። ቆንጆ ፎቶ አለ። ከሥሩ ሃምሳ ሰው «ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለሃምሳውም አንድ መልስ፦ «ኢንቦክስ ቼክ»፤ በግል የላክንልህን መልእክት እይ ማለት ነው። ኢንቦክስ ሲገባ ደግሞ «ሰላም እህቴ፣ የት አካባቢ ነሽ?» ይባላል። ሴትየዋ የጠየቀችው ዋጋ ነው፤ ሻጩ ሰፈሯን ካወቀ በኋላ ዋጋ ሊተምንላት እንደሆነ ይገባታል። ዝም ብላ ትወጣለች።

እኔም ለአምስት ዓመት ያህል ዋጋ ደብቄያለሁ። ምክንያቴን ልንገራችሁ፤ ሁላችንም ጋ ያው ነው። አንደኛ፣ ዋጋ ከለጠፍኩ ተፎካካሪዬ በነጋታው ሃምሳ ብር ቀንሶ ይለጥፋል። ሁለተኛ፣ መርካቶ ያለው አስመጪ የእኔን ትርፍ አይቶ በሚቀጥለው ጭነት ይጨምርብኛል። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይናገረውም፦ ዋጋው በይፋ ከተጻፈ የግብር ሰውም ያነበዋል። ከዚያ በላይ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነበረ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ተወሰነና 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ በላይ ወጣ። ያን ክረምት ጠዋት የጻፍኩትን ዋጋ ማታ እሰርዝ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣዱን ዋጋ በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ ቀይሬያለሁ። በዚህ መሀል «ኢንቦክስ» መጠለያ ነው። ማንም አይፈርድም።

ሐሳቤን ያስቀየረችኝ አንዲት ደንበኛ ናት። ሰሚት አካባቢ ነው የምትኖረው። ስለ አንድ የሸክላ ጀበና ጠየቀችኝ፤ እኔም እንደ ልማዴ ስልክ ቁጥሯን እንድትተውልኝ ነገርኳት። «ከደበቅሽው ውድ ነው ማለት ነው» አለችና ቀረች። ጀበናው እኮ ርካሽ ነበር! በርካሽ ዕቃ ውድ ተባልኩ። ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ በአንድ ቀን ስንት ስልክና መልእክት «ስንት ነው?» ለሚል ብቻ እንደምንመልስ ቆጠርኩ። አንዷ ሠራተኛዬ ከዚያ ሌላ ሥራ እንደሌላት ገባኝ። ደሞዝ የምከፍላት ዋጋ እንድትናገር ነው።

ሱቅ ያለው ነጋዴ ዋጋ መለጠፍ አለበት የሚል ሕግ እኮ አለን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይህን ይላል። መርካቶ ዕቃው ላይ ወረቀት ለጥፈን ስልክ ላይ ስንገባ የምንቀድደው ለምንድን ነው?

ለማንኛውም፣ ሁሉንም ዋጋ ለጠፍኩ። ማድረሻውን ጭምር፤ ቦሌ ስንት፣ ጀሞ ስንት፣ አያት ስንት። የመጀመሪያው ሳምንት የፈራሁት ሁሉ ደረሰ። ተፎካካሪዬ ሃምሳ ብሩን ቀነሰ። አስመጪው ደውሎ «እንግዲህ ተመችቶሻላ» አለኝ። ግን የስልኩ ወሬ ተለወጠ። «ስንት ነው?» የሚለው ቀርቶ «ዛሬ ይደርሳል?»፣ «ክዳኑ መስታወት ነው ወይስ ብረት?» መጣ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሊገዛ ነው። የሽያጩን ጭማሪ በመቶኛ አልነግራችሁም፤ የእኔ አንድ ሱቅ ለማንም መረጃ አይሆንም። ዋጋ ስትናገር የነበረችው ልጅ ግን ዛሬ ዕቃ ታሽጋለች። እሱ ይበቃኛል።

አሁንም ብዙ ደንበኛ ቅድሚያ አይከፍልም። ሙሽራ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ነው። ሞተረኛው ይደውላል፣ «ከኮንዶሚኒየሙ በር ዳቦ ቤቱን አልፈህ፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ አለ» ይባላል፣ ካርቶኑ ይከፈታል፣ ምጣዱ ሶኬት ላይ ተሰክቶ መሞቁ በእጅ ይረጋገጣል፣ ከዚያ ብር ይላካል። እኛም የተጭበረበረ የክፍያ ስክሪንሾት እየደረሰን ተምረናል፤ ገንዘቡ ሒሳባችን ላይ ሳይታይ ሞተረኛው ከበር አይነሳም። ሁለታችንም ተጠራጥረን፣ ሞተረኛው መሀል ቆሞ ፀሐይ ይበላዋል። ይሁን። ዋጋውን አስቀድሞ ያወቀ ሰው በር ላይ ቢያንስ ስለ ብር አይከራከርም።

የተለጠፈ ዋጋ ሌላ ጥቅም እንዳለው ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በቴሌግራም ቻናል ውስጥ ያለ ዕቃ ጎግል ላይ ፈልጎ የሚያገኘው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቻናሉን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅ አያውቀውም። ድረ ገጽ ላይ ዋጋና ስም ይዞ የተቀመጠ ዕቃ ግን ሌሊት እኔ ተኝቼ ሰው ያገኘዋል።

ካገኘው ነው እንግዲህ። «ሳህን» የሚለውን ቃል እንውሰድ። አንዱ ሳህን ይላል፣ አንዱ ሣህን፣ አንዱ ሰሃን፣ አንዱ ሰሀን፤ ወጣቶቹ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉታል። የእኔ ድረ ገጽ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ሰዎች ምን ብለው እንደፈለጉ የሚያሳየውን መዝገብ ስከፍት ደነገጥኩ። «ሰሃን» ብሎ የፈለገ ሁሉ «ምንም አልተገኘም» ተብሎ ተሸኝቷል፤ ሳህኑ በዓይነት በዓይነቱ ተደርድሮ እያለ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጡበት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱን ቁጥር ይዞ። ለእኛ ጆሮ ሰ እና ሠ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን እንደ በ እና ከ የተለያዩ ናቸው። ፕሮግራመሩ ልጅ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ከፍለጋው በፊት ወደ አንድ የሚያመጣ ነገር ጻፈልኝ፣ ሰሃንና ሳህንንም አስታረቀልኝ። ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ለስንት ዓመት በግማሽ ቀን ሥራ ደንበኛ ስመልስ ኖሬያለሁ! ስለ ኢንተርኔት ንግድ ስትጽፉ እንዲህ ያለውን ብታነሡልን እንዴት በጠቀመን።

ጽሑፋችሁ «ዛሬ ነጋዴ ድረ ገጽ አያስፈልገውም፣ ቲክቶክ ይበቃዋል» የሚል አስተያየትም ነበረበት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ።

መስከረም 24 ቀን 2014 ምሽት ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በመላው ዓለም ለስድስት ሰዓት ገደማ ጠፉ። ስህተቱ የራሳቸው የባለሙያዎቻቸው ነበር። እኔ የእኔ ቤት ብቻ መስሎኝ ዋይፋዩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። ስድስት ሰዓት ቀላል ነው። የካቲት 2015 ላይ ግን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አገራችን ውስጥ ተዘጉ፤ የተከፈቱት ሐምሌ ላይ ነው። አምስት ወር! እገዳውን የሚያሳልፈው ቪፒኤን ያለው ገባ፣ የሌለው ጠፋ። ቻናል ብቻ የነበራቸው ሁለት የማውቃቸው ልብስ ሻጮች ዕቃቸውን አራግፈው ወጡ። እኔን ያተረፈኝ ድረ ገጹ ብቻ አይደለም፤ ሠራተኛዬ የደንበኞችን ስልክ የምትጽፍበት ባለ መስመር ደብተር ነው። ፋሲካ ሲደርስ ለእያንዳንዳቸው ኤስኤምኤስ ላክን፣ ከሥሩ የድረ ገጹን አድራሻ ጻፍን። ጥር 2017 ላይ ቲክቶክ አሜሪካ ውስጥ ለሰዓታት ሲዘጋ የዚያ አገር ነጋዴዎች ያለቀሱትን ለቅሶ ስሰማ፣ የእኛው መስሎኝ ነበር። ቲክቶክ ላይ አትሽጡ አልልም፤ የእህቴ ልጅ ድስት መምታቷን አታቆምም። ግን የሰው ግቢ ውስጥ ድንኳን የተከለ ሰው ደብተር ይያዝ።

ድረ ገጽ መያዝ ታዲያ ቀላል አይደለም፣ እሱንም አልደብቅም። የዶት ኮም ስምና የሰርቨር ኪራይ በአብዛኛው የሚከፈለው በዶላር ነው። የእኔን የምትከፍልልኝ ሜሪላንድ ያለች የአጎቴ ልጅ ናት፣ በካርዷ። እኔ በልዋጩ እዚህ ላሉት እናቷ በየበዓሉ ዕቃ እልካለሁ፤ ባለፈው ገና ትልቁን ድስት ወስደዋል። ድረ ገጽ ላይ የካርድ ክፍያ የሚቀበለው ስትራይፕ እዚህ አገር ላለ ነጋዴ አይሠራም። ስለዚህ ዱባይ ሆና ለእናቷ ምጣድ መግዛት የምትፈልግ ልጅ ድረ ገጼ ላይ ዋጋውን አይታ፣ ወደ ዘመድ ትደውላለች፣ ዘመድ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ዘመድ በቴሌብር ይከፍለኛል። ምጣዱ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል፤ ብሩ ግን ሁለት ቀን ይዞራል። እንዲህም ሆኖ ከውጭ ያለው ገዢ ከሁሉም የተሻለ ደንበኛዬ ነው። ለምን ቢባል፣ የተጻፈ ዋጋ ማመን ለምዷል፣ አይከራከርም።

ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ኩባንያዎቹ የተጠቃሚ ቁጥር ሲሰጧችሁ ሌላ ቁጥር ጨምሩና ጠይቁ፦ ከሚንቀሳቀሰው ብር ውስጥ ከሰው ወደ ሰው የተላከው፣ ካርድ የተሞላበትና ነዳጅ የተቀዳበት ስንት ነው፤ ዕቃ ለሸጠ ነጋዴ የተከፈለውስ ስንት ነው? ይህ ተለይቶ ቢታተም እኔም ባንክ ብድር ስጠይቅ የማሳየው ነገር ይኖረኛል። አሁን የማሳየው የእናንተን 50 ሚሊዮን ነው፤ የብድር ክፍሉ ልጅ ደግሞ «ታዲያ ያንቺ ደንበኞች ናቸው?» ይለኛል።

ይህን ደብዳቤ እየጻፍኩ አባቴ ደወሉ። የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ናቸው፤ ዕድሩ ያረጁትን ሳህኖች ሊቀይር ነው። የእህቴ ልጅ በስልኳ አሳይታቸዋለች መሰለኝ፣ ባለ ሰማያዊ ጠርዙን ወደውታል። ሁለት መቶ ይፈልጋሉ። «ስንት ነው?» አሉኝ።

«አባዬ፣ ዋጋው እኮ ሥሩ ላይ ተጽፏል» አልኳቸው።

«እሱንማ አየሁት» አሉ። «ለእኛ ስንት ነው?»

የወጥ ቤት ዕቃ ሻጭ አንባቢያችሁ፣
ከመገናኛ፣ አዲስ አበባ