ከድረ ገጻችሁ ላይ ስላነሳናቸው ገጾችና ቃላት

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ስልካችን ከቅሬታ አላረፈም። «ገጾቼን ማን አጠፋቸው?»፣ «የከፈልኩበት ኤስኢኦ የት ገባ?» (ኤስኢኦ ማለት ድረ ገጽ በጎግል ፍለጋ ከፊት እንዲወጣ የሚሠራ ሥራ ነው) ያላችሁን ጥቂት አይደላችሁም። ለድንጋጤያችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሥራውን ግን አውቀን፣ ለእናንተው ብለን ነው የሠራነው።

የአንድ የቤት ዕቃ ሻጭ ደንበኛችንን ድረ ገጽ እንመልከት። ለቦሌ፣ ለሲኤምሲ፣ ለሳር ቤት፣ ለመገናኛ እየተባለ ለየሰፈሩ አንዳንድ ገጽ ተከፍቶለታል። ሱቁ አንድ፣ ስልኩ አንድ፣ ጽሑፉም አንድ ነው፤ የሚለየው የሰፈሩ ስም ብቻ። ግርጌው ላይ ደግሞ «ርካሽ ሶፋ፣ ሶፋ አዲስ አበባ፣ ሶፋ ዋጋ፣ ምርጥ ሶፋ በአዲስ አበባ» እያለ የሚቀጥል ዝርዝር በነጭ መደብ ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል። ገዢ አያየውም፣ ጎግል ግን ያነበዋል። ሁለቱም ጎግል በስፓም ደንቡ (ፍለጋን ለማታለል የሚደረጉ ዘዴዎችን በሚከለክለው) በግልጽ የከለከላቸው ናቸው። ነገር ሲበዛ በአህያ አይጫንም የተባለው ለዚህም ይሠራል።

የሰፈር ገጾቹን «አድራሻና ማድረሻ» በሚል አንድ ገጽ አዋሃድናቸው። የድሮዎቹን አድራሻዎች በ301 (የድሮውን አድራሻ የከፈተን ሰው በራሱ ወደ አዲሱ በሚወስድ ማዞሪያ) ወደ አዲሱ አዞርን፤ ይህን ቢያንስ ለ1 ዓመት አንነካውም፣ ቀድሞ ከተነሳ የድሮውን ሊንክ የሚጫን ሰው «ገጹ አልተገኘም» የሚል መልእክት ይገጥመዋል። የተደበቀውን ዝርዝር ሰርዘን በቦታው ገዢ የሚጠይቀውን ጻፍን፦ ኤል ሶፋ፣ ባለ 7 መቀመጫ፣ እንጨቱ ዋንዛ፣ ልኩ በሴንቲሜትር፣ ማድረሻ ለብቻ የሚከፈል መሆን አለመሆኑ። ታይትሉ ላይ፣ ማለትም በፍለጋ ውጤት በሚታየው የገጹ ርዕስ ላይ፣ ሦስቴ የተደገመውን «ሶፋ» አንድ አደረግነው። ታይትል በጣም ከረዘመ ስልክ ላይ ይቆረጥና የሱቁ ስም ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

«ዕቃ» እና «እቃ» ሁለቱም እንደሚፈለጉ እናውቃለን። መፍትሔው ግን ሁሉንም አጻጻፍ መደርደር አይደለም፤ አንዱ ታይትሉ ላይ፣ ሌላው ጽሑፉ ውስጥ በወጉ ከገባ ይበቃል። የኪወርድ ሳጥኑን (ለፍለጋ ተብሎ ቁልፍ ቃላት የሚሞሉበትን፣ ገዢ የማያየውን ቦታ) ለምን ባዶ አደረጋችሁት ላላችሁንም፣ ጎግል ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በይፋ የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አንዳንዶቻችሁ ከሌላ ቦታ የገዛችኋቸው፣ ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እናንተ የሚያመጡ ሊንኮች ይብሳሉ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2012 ፔንግዊን ባለው ለውጡ በግዢ ሊንክ የቆሙ ድረ ገጾችን ወደ ታች ጥሏቸዋል። በእጅ የተጣለ፣ ማለትም የጎግል ሠራተኛ አይቶ የጣለው ቅጣት ከመጣ ደግሞ ሁሉንም አጽድቶ፣ ማመልከቻ አስገብቶ መልስ መጠበቅ ነው፤ እስከዚያ ሱቃችሁ በፍለጋ ላይወጣ ይችላል።

ቁጥሩ ወርዷል፣ አንክድም። ገጽ ሲቀንስ ሰርች ኮንሶል (ድረ ገጽ በጎግል ፍለጋ እንዴት እንደሆነ በቁጥር የሚያሳይ የጎግል መሣሪያ) ላይ «ኢምፕረሽን» የሚለው መስመር መውረዱ የማይቀር ነው። እሱ የሚቆጥረው በፍለጋ ውጤት ላይ መታየታችሁን እንጂ ሰው መግባቱን አይደለም። «ክሊክ» የሚለውን እዩ፤ ከሁሉ በላይ ግን ስንት ሰው እንደደወለ መዝግቡ። ጎግል ለውጡን አንብቦ እስኪጨርስ ሳምንታት ስለሚፈጅ ቁጥሩን በየቀኑ ማየት ትርፉ ድካም ነው።

«በአንድ ወር አንደኛ እናወጣችኋለን» የሚሉ እንዳሉ ሰምተናል። አንደኛ መውጣትን ማንም ዋስትና ሊሰጥ እንደማይችል ጎግል ራሱ ጽፎታል። በቁልፍ ቃል ብዛት ማስከፈል ለእኛም ይቀለን ነበር። ሆስቲንግና ዶሜይን (የድረ ገጹን ማስቀመጫ ቦታና የኢንተርኔት ስሙን) የምንከፍለው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኖብናል፣ በእናንተ ላይ ግን በዚያ ልክ አልጨመርንም። ሱቃችሁ አንድ ክፍል ሳለ ጀምሮ አብረን የሠራን አላችሁ፤ «ሥራዬን አበላሻችሁ» የሚለው ቃል ከእናንተ ሲመጣ ከበደን።

ሌላ ጋ መሄድ የፈለገ ፋይሉንና የዶሜይኑን የይለፍ ቃል ሳናጉላላ እናስረክበዋለን። የድሮው ገጽ ቅጂም በእጃችን አለ፣ ለሚፈልገው እንሰጣለን። እኛ በምናስተዳድረው ድረ ገጽ ላይ ግን መልሰን አንጭነውም።

ለምትቆዩ አንድ ልመና አለን፦ በብዛት የሚሸጡላችሁን 10 ዕቃዎች ፎቶ፣ ልክና የዛሬ ዋጋ በቴሌግራም ላኩልን። ፎቶው ከኢንተርኔት የተወሰደ ሳይሆን በራሳችሁ ስልክ የተነሳ ይሁን። ጽሑፉን እኛ እንጽፋለን፤ ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት