አሮጌ ቀስት የሚለጠጥ አውታር ይፈልጋል

ይድረስ ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቀስት ስፖርት ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ ዘመናዊው የማይለጠጥ አውታር ለየትኛውም ቀስት እንደሚሻል የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር አንብቤአለሁ። እኔም በአንድ ወቅት ይህንኑ አምኜ አንድ ጥሩ ቀስት አበላሽቻለሁና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ቀስቱ የአጎቴ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960ዎቹ እንጨትና ፋይበርግላስ ተነባብሮ የተሠራ፣ ጫፎቹ ወደ ፊት የተቆለመሙ ሪከርቭ። ርዝመቱ 62 ኢንች፣ ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት 45 ፓውንድ፤ ሁለቱም ቁጥሮች እጀታው አጠገብ ተጽፈዋል። ዳይኒማ ከሚባለው የማይለጠጥ ዘመናዊ ክር የተሠራ ቀጭን አውታር ገዝቼ ገተርኩት። ፍላጻው እውነትም ፈጠነ። በሦስተኛው ሳምንት ግን የላይኛው ጫፍ አውታሩ ከሚያርፍበት ቦይ ጀምሮ ወደ ክንዱ ተሰነጠቀ።

ነገሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ፍላጻው ሲለቀቅ ክንዶቹ ወደ ፊት ይፈናጠሩና አውታሩ ድንገት ይይዛቸዋል። ዳክሮን የሚባለው የቀድሞው የአውታር ክር በዚያች ቅጽበት ትንሽ ተለጥጦ ምቱን ያበርደዋል። ዳይኒማ ግን ምቱን እንዳለ ለጫፎቹ ያስረክባል። የዛሬ ቀስቶች ጫፍ ይህን እንዲችል ተጠናክሮ ይሠራል፤ የአጎቴ ቀስት የተሠራው ግን ለዳክሮን ነው። የቀስቱ ጫፍ ላይ የሚጠልቀውን የአውታሩን ቀለበት በተጨማሪ ክር አወፍረው ዘመናዊውን በአሮጌ ቀስት ላይ የሚጠቀሙ አሉ። አልሟገታቸውም፤ ቀስቱ የራሳቸው ነው።

አሁን አውታሬን ራሴ እሠራለሁ። ለ62 ኢንች ሪከርቭ 4 ኢንች ቀንሼ 58 እይዛለሁ፤ የሚለካው ታዲያ ተወጥሮ እንጂ ላልቶ አይደለም። በሁለት ችካሎች መካከል ቢ-50 የተባለውን የዳክሮን ዓይነት ሰባት ጊዜ ሳዞር 14 ክር ይሆናል፣ ለ45 ፓውንድ ይበቃል። ጉልበቱ ከዚያ ለሚበልጥ ቀስት 16 አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብዬ 20 ክር ደርቤ ነበር። አንበሳውን እንጃ፣ የፍላጻው ጭራ ግን አውታሩን አልጎርስ አለ። ቀለበቶቹንና ፍላጻው የሚቀመጥበትን መሐል በናይለን ክር አጥብቄ እጠመጥማለሁ፣ የቀረውን በንብ ሰም አሻለሁ።

አዲስ ዳክሮን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚረዝም አውታሩ ወደ እጀታው ይጠጋል። ያን ጊዜ አንዱን ቀለበት አውልቆ ጥቂት ማክረር ነው፤ አውታር ሲከር ያጥራል፣ ከእጀታው ያለው ርቀትም ይመለሳል። እኔ ከ8 ኢንች ግድም ጀምሬ ጥቂት በጥቂት እያከረርኩ አዳምጣለሁ። ቀስቱ ሲለቀቅ የሚያሰማው ጩኸት ድንገት ወደ አጭር፣ ድፍን ድምፅ የሚለወጥበት ቦታ አለ፤ እዚያ አቆማለሁ። ይህ ቦታ ከቀስት ቀስት ይለያያል፣ በቁጥር ብቻ አይገኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። አሮጌ ቀስት እጃችሁ የገባ አንባቢዎች ከመገተራችሁ በፊት ክንዶቹን በጥጥ ዳብሱ፤ ጥጡ ከተያዘ ስንጥር ተነስቷልና አትገትሩት። ስትገትሩም በእግራችሁ መሐል አስገብታችሁ አትቆልምሙት፣ ክንዱ ይጣመማል፤ የመገተሪያ ገመድ ተጠቀሙ።

የተሰነጠቀው ቀስት አሁንም ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። እርማቱን ስታወጡ ፎቶ ካስፈለጋችሁ እልካለሁ።

ከአንባቢያችሁ አንዱ