እማዬ፣ ሃይማኖቴን አልለወጥኩም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
መስከረም 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ እናቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እንኳን ከዘመን ዘመን በሰላም አሸጋገረሽ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም። ወንድምዓለም፣ ይህን ስታነብላት እየዘለልክ እንዳታሳጥርባት፣ ሁሉንም ቀስ ብለህ አንብብላት።

እማዬ፣ ባለፈው ስደውል ድምፅሽ ልክ አልነበረም። ምን ሆነሽ ብልሽ ምንም አልሽኝ። ኋላ ወንድምዓለም ነው የነገረኝ። ጎረቤታችን ፌስቡክ ላይ ፎቶዬን አይታ "ልጅሽ ፈረንጆች ቤተክርስቲያን መሠዊያ ታለብሳለች፣ ሃይማኖቷን ለውጣለች" ብላሻለች አሉ። አልለወጥኩም። እዚያ ተቀጥሬ የምሠራ ሰው ነኝ። ከምልክልሽም ገንዘብ ግማሹ የሚገኘው ከዚያ ነው። ይህን በስልክ ማስረዳት አይመችም፣ መስመሩም ይቆራረጣል፣ አንቺም "እሺ እሺ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ከላይ ካለው ቀን በቀር ቀኑንም ዓመቱንም የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ ግራ እንዳይገባችሁ።

ቤተክርስቲያኗ ኤፒስኮፓል ትባላለች። የእንግሊዞቹ የአንግሊካን ቤተክርስቲያን የአሜሪካ ዘመድ ናት። ወንድምዓለም ያውቃቸዋል፤ ጋምቤላ በሠራበት ጊዜ ኑዌሮቹና አኙዋኮቹ ሲዘምሩ ሰምቶ የነገረን እነዚሁ አንግሊካኖች ናቸው። አዲስ አበባም ቅዱስ ማቴዎስ የሚባል ቤተክርስቲያን አላቸው። ጳጳስ፣ ቄስ፣ ዲያቆን አላቸው። ይቆርባሉ። ጸሎታቸው ከመጽሐፍ ነው የሚነበበው። ከእኛ የሚለዩበትም ብዙ ነው። ለምሳሌ ሴት ይቀስሳሉ፤ በ1976 በጉባኤ ወስነው ነው። የዚህ የዋሽንግተን ሀገረ ስብከት ጳጳስም ሴት ናቸው። አንቺ በዚህ እንደማትስማሚ አውቃለሁ፣ አላስገድድሽም። እኔም ንስሐ አባቴን አልተውኩም፣ ጾሜንም አልፈታሁም።

ሥራዬ ምን መሰለሽ። ከረቡዕ እስከ እሑድ ቤተክርስቲያኑንና አዳራሹን አጸዳለሁ፤ ሦስት ሌሊት ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ሽፍት አለኝ። ዓርብ ዓርብ ለቁርባኑ የሚሆነውን ነጭ ጨርቅ የሚያሰናዱ ሴቶች ይመጣሉ፣ አብዛኞቹ የአንቺ እኩዮች ናቸው፣ እነሱን አግዛለሁ። ጎረቤታችን ያየችው ፎቶ እሱ ነው። ጽዋው የተወለወለበትን ጨርቅ ዝም ብለው ማሽን ውስጥ አይወረውሩትም። መጀመሪያ በእጅ ይለቀለቃል። እጣቢው የሚደፋበት ማጠቢያ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ለብቻው አለ፤ ቧንቧው ከፍሳሹ ጋር አይገናኝም፣ ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ነው የሚወርደው። ቁርባኑን የነካ ውሃ ከቆሻሻ ጋር እንዳይደባለቅ ብለው ነው። መጀመሪያ ያሳዩኝ ቀን አንዲት ወይዘሮ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የከንፈር ቀለም የነካውን ጨርቅ በጣታቸው ጫፍ ሲያሹ ቆይተው "ውሃውን ሌላ ቦታ እንዳትደፊው" አሉኝ። በዚያ ቀን ልቤ ለእነዚህ ሰዎች ተከፈተ። ሥርዓታቸው የእኔ ባይሆንም ፈሪሃ እግዚአብሔር የት እንዳለ ማወቅ አያቅተኝም።

ደግሞ እዚያው ሕንጻ ውስጥ የእኛም ሰዎች ይቀድሳሉ። የራሳቸውን ቤተክርስቲያን ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀሙ ነው፣ እስከዚያው እነዚህ ለቀውላቸው ነው። እሑድ ቅዳሴያችን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተጀምሮ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ያልቃል፣ የእነሱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። እኔ አስቀድሼ፣ ጫማዬን አድርጌ ወጥቼ፣ ከዚያ ለሥራ ተመልሼ እገባለሁ። መስኮቱን ከፍቼ እጣኑን አስወጣለሁ፣ ምንጣፉን እጠቀልላለሁ፣ ወንበሩን እመልሳለሁ። በእጣኑ የሚያስላቸው ሰዎች አሉ፤ አንድ ሰሞን ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። ቬስትሪ የሚሉት ሰበካ ጉባኤያቸው ተሰብስቦ የእኛን ሽማግሌዎች ጠርቶ አነጋገረና አየር ማስወጫ ተገጠመ። ነገሩ በዚሁ አለቀ። አከራይና ተከራይ እንዲህ ሲነጋገር እዚህ አገር ብዙ አላየሁም።

አሁን ትልቁ ወሬ ደመራው ነው። የሚቀጥለው ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 26፣ መኪና ማቆሚያው ላይ እንደምራለን። ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማምጣት ነበረብን፣ ቁመቱም ተወስኖልናል፣ አጠር ያለች ደመራ ናት፣ ግን አደይ አበባ የሚመስል ቢጫ አበባ አግኝተናል። የእነሱ ቄስ ሰዎቻቸውን ሁሉ ይዘው እንደሚመጡ በቅዳሴ መጨረሻ ላይ አስነግረዋል። እነሱም እኮ መስቀልን ያከብራሉ! በእነሱ ሴፕቴምበር 14 ነው። ዘንድሮ እሑድ ስለዋለባቸው ሰኞ ማታ ነው ጸሎት ያደረጉት። እኛ 13 ቀን ቆይተን የምናከብረው በቀን አቆጣጠር ነው እንጂ በዓሉ አንድ ነው፤ አባ ሲያስረዱን ሁለቱም ወገን ደስ አለው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አንቺ የምትፈሪው እዚያ መሥራቴ እምነቴን እንዳያስረሳኝ ነው። እኔ ግን በዚህ ዓመት እነዚህ ሰዎች ለእንደኔ ያለው ሰው ምን እንዳደረጉ እንድትሰሚ እፈልጋለሁ።

ጃንዋሪ 21 ቀን 2025፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሥልጣን በያዙ ማግስት፣ ዲሲ ብሔራዊ ካቴድራል ጸሎት ነበር። ካቴድራሉ የዚህ ሀገረ ስብከት መንበር ነው። መሠረቱ በ1907 ተጥሎ ያለቀው በ1990 ነው፣ 83 ዓመት ፈጅቷል፤ በ2011 ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ ጫፍ ጫፉን አራግፎት ከዚያ ወዲህ ሲጠግኑት ኖረዋል። ማርቲን ሉተር ኪንግም ከመገደላቸው ከአራት ቀን በፊት የመጨረሻውን የእሑድ ስብከት የሰበኩት እዚያ ነው። በዚያ መድረክ ላይ ጳጳሷ ማሪያን ኤድጋር ባዲ ቆሙ። ፕሬዚዳንቱ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጳጳሷ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ ፈርተው ለሚኖሩ ሰዎች ምሕረት ያድርጉ ብለው ለመኗቸው። ሰብል የሚለቅሙትን፣ ቢሮ የሚያጸዱትን፣ ምግብ ቤት ሳህን የሚያጥቡትን፣ ሆስፒታል የሌሊት ሽፍት የሚሠሩትን አንድ በአንድ እየጠሩ። እማዬ፣ ያ እኮ እኔ ነኝ። ጓደኞቼ ናቸው። መጦሪያው ውስጥ በእረፍት ሰዓት በስልክ ስናየው አንዲት የጋና ልጅ አጠገቤ አለቀሰች። ፕሬዚዳንቱ ይቅርታ ትጠይቅ አሉ። ጳጳሷ ግን ለሰው ምሕረት መለመን ይቅርታ የሚያስጠይቅ አይደለም ብለው ጸኑ። አባዬ ቢኖር ኖሮ "ይህች ጨዋ ናት" ይል ነበር፤ ለባለሥልጣን እውነት የሚናገር ሰው ሲያይ ሁሌ የሚላት ነገር ናት።

ከዚያ ሜይ ላይ ሌላ መጣ። ይህች ቤተክርስቲያን ስደተኛ ተቀብላ ማቋቋም ሥራዋ ነበር፤ ከመንግሥት ጋር እየሠራች 40 ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ወደ 110,000 የሚጠጋ ሰው አስፍራለች። ቤት ትከራያለች፣ ልጅ ትምህርት ቤት ታስገባለች፣ ሥራ ታፈላልጋለች። ጃንዋሪ ላይ መንግሥት የስደተኞቹን መግቢያ ዘጋው። ስንት ዓመት ካምፕ ተቀምጦ ሁሉንም ምርመራ ጨርሶ ትኬቱን ሲጠብቅ የነበረው ሁሉ ባለበት ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሻችን ምግብ ሊወስድ የሚመጣ አንድ የአገራችን ልጅ አለ፣ ሚስቱ ኬንያ ካኩማ የስደተኞች ካምፕ እንደቀረች ናት። እንዲህ እያለ መንግሥት ከደቡብ አፍሪካ ለሚመጡ ነጮች ብቻ በሩን ከፈተና ቤተክርስቲያኗን አስፍሪያቸው አላት። የመላው ቤተክርስቲያን ዋና ጳጳስ ሾን ሮው አይሆንም አሉ። ለዘር እኩልነት የቆምን ነን፣ ከደቡብ አፍሪካ አንግሊካን ወንድሞቻችንም ጋር ያለን ትስስር ይህን አይፈቅድም ብለው ደብዳቤ ጻፉ። የመንግሥቱ በጀት ዓመት ሲዘጋ ውሉም ይቋረጣል አሉ። ያ ማለት በዚህ ወር መጨረሻ፣ ሴፕቴምበር 30 ነው።

በዚህ ጉዳይ እኛ አጥቢያ ውስጥም ክርክር ነበር። ቡና እየቀዳሁ ነው የሰማሁት። አንድ ሽማግሌ "እንግዳ እንግዳ ነው፣ የቆዳውን ቀለም አይተን አንመልስም" አሉ። ሌላዋ ደግሞ "ተራውን ሲጠብቅ የከረመውን ረግጦ የሚያልፍ ወረፋ አንቀበልም" አለች። የሽማግሌውን ሐሳብ አልንቅም፣ ደግ ሰው ናቸው። እኔ ግን ከእሷ ጋር ነኝ። የዚያን ልጅ ሚስት ሳስብ ሌላ ማሰብ አልችልም። ደግሞ ቤተክርስቲያኗ የተወችው ገንዘብ ቀላል አይደለም፣ ሠራተኞቿም ሥራቸውን አጥተዋል። ስደተኛውን በሌላ መንገድ እንረዳለን ብለው አሁን ሀገረ ስብከቱ ከየአጥቢያው መዋጮ እየሰበሰበ ነው። የእኛ አጥቢያ ዝርዝር ውስጥ 20 ዶላር በስሜ አለች፤ ለአንቺ ከምልክልሽ አልቀነስኩም፣ አይዞሽ።

በረከቱን ብቻ ጽፌ ችግሩን አልደብቅሽም። ሰዉ እያለቀ ነው። በ1960ዎቹ በመላው አገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ምእመን ነበራቸው፣ ዛሬ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ቢሆኑ ነው። እኔ በምሠራበት አጥቢያ ቅዳሴው ላይ ፀጉሩ ያልሸበተ ቢቆጠር ብዙ አይሞላም። ጣሪያው ያፈሳል፣ ማሞቂያው አርጅቷል። ይህ ሀገረ ስብከት ዲሲንና አራት የሜሪላንድ አውራጃዎችን ይዞ ከ80 በላይ አጥቢያ አለው፣ ጥቂቶቹ ተጣምረው ባንድ ቄስ ይገለገላሉ። ጃንዋሪ ላይ ዓመታዊ ጉባኤያቸው አለ፤ የእኛም አጥቢያ ከጎረቤት አጥቢያ ጋር ይዋሃድ ወይ የሚለውን ከዚያ በፊት መወሰን አለባቸው። ከተዋሃዱ የእኛ ሰዎች ቅዳሴም ቦታ ያጣል፣ እኔም ሥራ ልፈልግ ነው። ለዚህ ጸሎት አድርጊልኝ። ለሁለቱም ቤተክርስቲያን ጸልዪ።

ከዚያ በፊት ግን ብዙ ነገር አለ። ኦክቶበር 5 እንስሳት ያስባርካሉ። የቅዱስ ፍራንሲስ በዓል ነው፣ ቀኑ 4 ነው፣ እነሱ እሑድ ያደርጉታል። ውሻውን፣ ድመቱን፣ ጥንቸሉን ታቅፎ የሚመጣው ብዛቱ! አምና አንድ ትንሽ ልጅ ኤሊ በካርቶን ይዞ መጥቶ፣ ቄሷ ተንበርክከው ጠበል በጣታቸው ነክተው ጀርባዋ ላይ አደረጉላት። አንቺም ላማችን ቦራ ስትታመም ማርያም ጠበል አምጥተሽ ትረጪያት አልነበር?

ኖቬምበር 2 ደግሞ የሙታን ስም ይነበባል። አምና የአባዬን ስም እንድሰጥ ጠይቀውኝ ሰጠሁ። አንባቢዋ ሴትዮ ቀደም ብለው ቅዳሜ ማታ ደውለው ስሙን በትክክል እንዴት እንደሚባል ጠየቁኝ፤ ደጋግመው አሉት፣ እሑድ ዕለት አልተደናቀፉም። ዘንድሮም እሰጣለሁ። እኛ ዘንድም ጸሎተ ፍትሐት አስደርጌለታለሁ፣ ስለዚህ እንዳትቀየሚኝ።

ኖቬምበር 15 ባዛር አለ። የሚገኘው ገቢ ለቅዳሜው የምግብ እደላ ነው። ዘንድሮ የሚመጣው ሰው በጣም በዝቷል፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተቀነሱ፣ ክራቫት ያደረጉ ሰዎች ሳይቀር ተሰልፈው ሳይ ሆዴ ይባባል። የቡናውን ጠረጴዛ ለእኔ ሰጥተውኛል፣ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ አፍልቼ ልሸጥ ነው። ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ኦክቶበር መጨረሻ ስትመጣ ሁለት ጀበና ላኪልኝ፣ አንዱ ተለቅ ያለ ይሁን። በልብስ ጠቅልለሽ መሃል ሻንጣ አድርጊው፣ ጠርዝ ላይ ከሆነ ይሰበራል። ነጭ እጣንና ጥቂት ከርቤም ጨምሪበት። ቡናውን አትላኪ፣ እዚህ አለ።

ወንድምዓለም፣ የዚህን ወር ብር ረቡዕ ልኬያለሁ፣ ሲደርስህ ደውልልኝ። የእማዬን የደም ግፊት መድኃኒት አስቀድመህ ግዛ፣ የተረፈው ለጣሪያው ቆርቆሮ ይሁን። ስትደውል በእናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ያኔ ከሥራ ወጥቼ ምሳዬን እየበላሁ እጠብቅሃለሁ፤ ስልኩንም ለእሷ ስጣት፣ ይህን ሁሉ ሰምታ ምን እንዳለች ከራሷ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

ናፋቂ ልጅሽ